እምብርቱ የተገለበጠበት ከሰዓት

«ዛሬስ ይዘሽልኝ መጣሽ?» አለች አክስቷ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል።

ልጅቷ ውሃ የሚንጠባጠብ ጃንጥላዋን ከበሩ ጀርባ እያንጠለጠለች ቆም አለች። «ምኑን?»

«ማግኔቱን ነዋ! በጉልበቴ ስድህ ይኸው ሦስተኛ ቀኔ። መርፌው ሁሉ በወለሉ ጣውላ ስንጥቅ ገብቶ አለቀ። ከዚያ ሁሉ ማግኔት መሃል አንዲት ፍንካች ብታመጪልኝ ማን ይቆጥርብሻል?»

ልጅቷ ነገሩ ቶሎ አልገባትም። አንድ ጫማዋን አውልቃ ሌላውን ሳታወልቅ ቆማ ቀስ እያለ ነው የበራላት። አክስቷ ሁለት ዓመት ሙሉ በልቧ የሣለችው ክፍል ሌላ ኖሯል፤ ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ የሞላው፣ ጥቁር ጥቁር ማግኔት እንደ ሳሙና የተደረደረበት፣ የእህቷ ልጅ ነጭ ጋዋን ለብሳ በመሃል የምትመላለስበት።

«አክስቴ፣ እኛ ጋ እኮ ማግኔት የለም።»

መኪናው ቆመ። «እንዴት ማለት?»

«የለም። ያለው ኮምፒውተር ነው። ማግኔቱን በቁጥር ነው የምንሠራው።»

«አንቺ የማግኔት ተመራማሪ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ማግኔት በእጅሽ ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

ልጅቷ አሰበች። «ልጅ እያለሁ... አንዴ።»

«ወይ ጉዴ!» አክስቷ ሁለት እጇን ጨርቁ ላይ ጣለች። «እኔ ደግሞ ጎረቤቱን ሁሉ ‹ስልካችሁን ይዛችሁ አትጠጓት፣ ይበላሽባችኋል› እያልኩ ሳስፈራራ! ለካ ልጄ ባዶ እጇን ነው የምትውለው!»

ልጅቷ ሳቀች። ሳቋ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ባዶ እጅ የሚለው ቃል በማያስፈልግ ቀን ነበር የመጣው። ያን ቀን፣ ሰኞ ከሰዓት፣ እጇ ላይ አለ ብላ የያዘችው ነገር እንደሌለ መጠርጠር ጀምራለች።

ሥራዋን ለሰው ማስረዳት አይሆንላትም። ስልክ ለመደወል እንኳ የምትለውን አስቀድማ በወረቀት የምትጽፍ ልጅ ናት። ለራሷ ግን እንዲህ ታስረዳዋለች። ጠዋት ስትገባ ኮምፒውተሯ ላይ ደብተር ትከፍታለች። ሙያተኞቹ ኖትቡክ ይሉታል፤ እሷ በልቧ ደብተር ነው የምትለው። ደብተሩ በሳጥን በሳጥን የተከፋፈለ ነው። በየሳጥኑ ጥቂት መስመር ኮድ ትጽፋለች፤ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ስትጫን ሳጥኑ ይሠራና መልሱ ከሥሩ ይወጣል፤ አንዳንዴ ቁጥር፣ አንዳንዴ ሥዕል። በሳጥኑ ጎን ደግሞ ስንተኛ ተራ ላይ እንደተሠራ የሚናገር ትንሽ ቁጥር ብቅ ይላል።

እነዚያን መስመሮች ሰምቶ የሚሠራው መሣሪያ በነጻ የተሰጠ ነው። እዚህም እዚያም አገር ተበትነው የሚኖሩ፣ አይታቸው የማታውቅ ሰዎች ጽፈውት፣ ማንም ውስጡን ከፍቶ እንዲያይ፣ ማንም እንዲያርም ክፍት አድርገው አኑረውታል። በገጻቸው ላይ የሚከራከሩትን፣ የሚመሰጋገኑትን፣ አንዳንዴም የሚኮራረፉትን ታነባለች፤ አንድም ቀን ግን ቃል ጽፋ አታውቅም። መሣሪያውን «አንዲት ክብ ዝርግ ሳንቲም ሥራልኝ፣ ከፀጉር ውፍረት በብዙ መቶ እጥፍ የምታንስ» ትለዋለች፤ ይሠራል። «በጥቃቅን ኩቦች ከፋፍላትና በየኩቡ አንድ ቀስት አስቀምጥ» ትለዋለች፤ ያስቀምጣል። «ቀስቶቹ ጎረቤታቸውን መምሰል ይወዳሉ፤ ጠርዙን ተሻግሮ መውጣት ግን አይወዱም» ትለዋለች፤ በቀመር እንጂ እንዲህ በቃል ባይሆንም። ከዚያ «በቃ፣ ይረፉ» ስትል ቀስቶቹ ትንሽ ተንገዳግደው ያርፋሉ።

ሁለት ዓመት ከወንበር ያጣበቃት ያ የሚያርፉበት አኳኋን ነው። ክብ ሠርተው ይተኛሉ፤ ሕፃን አናት ላይ እንዳለ የፀጉር አዙሪት። መሃሉ ላይ ሲደርሱ ግን መተኛ ያጣሉ። እዚያች ነጥብ ላይ ያሉት ቀጥ ብለው ይቆማሉ። እምብርት ትለዋለች። እምብርቱ ወደ ላይ ከቆመ ሥዕሉ ላይ ቀይ ነጥብ ይሆናል፣ ወደ ታች ከቆመ ሰማያዊ። ላይና ታች ማለት ደግሞ አንድና ዜሮ ነው፤ ኮምፒውተር የሚያስታውሰውን ሁሉ የሚያስታውሰው በእነዚህ ሁለቱ ነው። ችግሩ እምብርቱ ግትር መሆኑ ነው። ጠንካራ መግነጢሳዊ መስክ ካልተጫነው ንቅንቅ አይልም። በደካማ መስክ የሚገለበጥ እምብርት ያገኘ ሰው፣ ትልቅ ነገር አገኘ።

ባለፈው ረቡዕ ተገለበጠላት።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር። ሌሎቹ ምሳ ወጥተዋል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ የቀሩት እሷና ማሞቂያው ናቸው፤ ማሞቂያው እንደሚያንኮራፋ ሰው ቀስ እያለ ይተነፍሳል። ዝናቡ መስኮቱን እያጠበ ግቢውን አደብዝዞት፣ ዛፎቹ ውሃ ውስጥ የቆሙ ይመስላሉ። ዳቦና እንቁላሏን በልታ ጨርሳለች። ዓይኗ ይከደናል፣ ይገለጣል። ሥዕሉ እስኪመጣ ትጠብቃለች፣ ትጠብቃለች፣ በመሃል ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። አንዴ ስትመለስ ቀዩ ነጥብ ሰማያዊ ሆኖ ጠበቃት።

ከጀርባዋ ሰው ሲተነፍስ ሰማች። ፕሮፌሰሩ ለስላሳ ጫማ ስለሚያደርጉ ኮቴያቸው አይሰማም፤ ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ ጠመኔ ስላለ ግን የኮታቸው ጎን እንደ ወፍጮ ቤት ነጭ ነው።

«ዝምተኛዋ! ይሄ ሰማያዊ ምንድን ነው?»

«ተገለበጠ፣ ፕሮፌሰር።»

«በስንት?»

በሥዕሉ አናት ላይ የተጻፈውን የመስኩን ጥንካሬ አነበበችላቸው። «በሃያ ሚሊቴስላ።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ለእንዲህ ያለ ሳንቲም የሚጠበቀው ከስድስት መቶ በላይ ነው። «እስቲ ድገሚልኝ።»

«በሃያ።»

«በሃያ!» አሉና ትከሻዋን መታ መታ አድርገው እያንጎራጎሩ ወጡ። በማግስቱ ስሟ በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ በሚደረገው ጉባኤ መርሐ ግብር ላይ ሰፍሮ አየችው። የእሷ ስም ነው፣ ከፊደሉ አንድ ሳይጎድል። ፕሮፌሰሩም ቢሯቸው ጠርተው፣ «ለዶክትሬቱ አንድ ቦታ ነው ያለን፤ ታውቂያለሽ። ዓርብ ይህን ከተናገርሽ ኮሚቴው የሚከራከርበት አፍ አይኖረውም፤ ያንቺ ነው» አሏት። እሷ ሁለት ዓመት ስለዚያ ቦታ ለሰው አውርታ አታውቅም። ትተኛበታለች እንጂ፤ ትራሷ ሥር ያለ ያህል ታውቀው ነበር።

የዚያ ክፍል ሰዎች አንድ ደንብ አላቸው። ማንኛውም ውጤት ከበሩ ከመውጣቱ በፊት ሌላ ሰው ደብተሩን ይከፍታል፣ ሁሉን እንዲረሳ ያደርገዋል፣ ከዚያ ከላይ እስከ ታች፣ ሳጥን በሳጥን፣ በተራው ያስኬደዋል። ምክንያቱም ደብተር ሆደ ሰፊ ነው። የሠራሽበትን ሁሉ ሆዱ ውስጥ ይዞ ይቀመጣል። ሳጥኑን ብታጠፊው እንኳ ሳጥኑ የሠራው ሥራ አይጠፋም። ከታች ወደ ላይ ብትዘይ፣ አንዱን ሁለቴ ብታስኬጅ፣ አንዱን ብትዘይው፣ ምንም አይልሽም፤ ዝም ብሎ ይቀበላል።

ይህን የምታስፈጽመው ዳኛዋ የሚሏት ከፍተኛ ተማሪ ናት። የራሳቸውን የፕሮፌሰሩን ደብተር አንዴ አስኬዳ፣ «ፕሮፌሰር፣ ይህ ደብተር እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ጠረጴዛውን አብረን እናሳትመው?» ያለች ናት። በዚያ ሳምንት ግን እህቷ ወልዳ፣ አራሷን ልትንከባከብ ሄዳለች።

«ለአንድ ጊዜ እንለፈው» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ሥዕሉ አለ አይደል?»

ሥዕሉማ አለ። ሰኞ ከሰዓት ግን ልጅቷ እንዲያው ለልቧ ደስታ ብላ፣ ደብተሩን አስረስታ ከላይ ጀምራ እስከ ታች አስኬደችው። ነጥቡ ቀይ ሆኖ ወጣ። ደገመችው። ቀይ። ሦስተኛም፣ አራተኛም። እምብርቱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ያያታል።

ማክሰኞን በሙሉ ስታስኬድ ዋለች። ኩቦቹን አሳነሰች፣ አተለቀች። የሳንቲሟን ውፍረት ቀያየረች። ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ። እኩለ ቀን ላይ ስልኳ ጮኸ።

«ሄሎ! ዳኛዋ ነኝ፤ ችሎቱ ግን ዝግ ነው!» ከድምፅዋ ኋላ ሕፃን ያለቅሳል።

«እንኳን ደስ አላችሁ! ሕፃኑ ደህና ነው?»

«ቁርጥ አያቱን። ፀጉር የለው፣ ጥርስ የለው፣ ቁጣ ብቻ! ስሚ፣ ሰማሁ እኮ። ሃያ ሚሊቴስላ! ፕሮፌሰሩ በስልክ ጮኸው ጆሮዬን አደነቆሩት። አንቺ ድመት፣ እንዲህ አድፍጠሽ አድፍጠሽ...»

«እኔ... ገና ነው እኮ።»

«ገና ነው ትላለች! ከላይ እስከ ታች አስኬድሽው አይደል?»

«አስኬድኩት» አለች ልጅቷ።

ውሸት አልነበረም። አስኬዳዋለች። «ምን ወጣ?» የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ እስኪመጣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀች። ቢመጣ ትመልሰው ነበር፤ መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ሕፃኑ ግን ጩኸቱን አባሰው።

«ቻው፣ ይግባኝ እያለ ነው!» ብላ ዳኛዋ ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ጥፋቱ የመሣሪያው ቢሆን ብላ ተመኘች። ምኞቱ ጣፋጭ ነበር፤ ሰውነቷን ሁሉ አቀለለላት። የመሣሪያውን ገጽ ከፍታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለማታውቃቸው ሰዎች መጻፍ ጀመረች። «ለአንድ ዓይነት ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ ሰጠኝ» ብላ ሦስት መስመር ሄደች። ገጹ ከሥር ባዶ ቦታ አስቀምጦ ይጠብቃታል። በላዩ ላይ እንዲህ የሚል ተጽፎበታል፦ «ያየሽውን እኛም እንድናየው፣ ያደረግሽውን በቅደም ተከተል ንገሪን።»

እጇ ቁልፎቹ ላይ ቆመ። ምን ነበር ያደረገችው? ዝናቡን ታስታውሳለች። የማሞቂያውን ትንፋሽ ታስታውሳለች። እንቁላሉ ጨው አንሶት እንደነበር እንኳ ታስታውሳለች። ያደረገችውን ግን አታስታውስም። የጻፈችውን አጥፍታ ገጹን ዘጋችው።

ረቡዕ ዕለት አንድ ሞኝ ነገር አሰበች። ለሰው ብትናገረው የሚሳቅባት ዓይነት። ያን ከሰዓት በሐሳብ ልታገኘው አልቻለችም፤ ታዲያ ለምን ተመልሳ አትገባበትም?

ሌሎቹ ምሳ እስኪወጡ ጠበቀች። እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ዳቦና እንቁላል ይዛለች፤ ጨው አልጨመረችበትም። ማሞቂያውን ከፍ አደረገችው። ዝናቡን ብቻ ማምጣት አልቻለችም፤ መጋረጃውን ግማሽ ስባ ግቢውን አደበዘዘችው። ደብተሩን አስረስታ ከላይ ጀመረች። የመጀመሪያው ሳጥን ሳንቲሟን ሠራ። ሁለተኛው ቀስቶቹን አስቀመጠ። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ዓይኖቿን እንዳሻቸው ተወቻቸው።

ሄደች። ሳንቲሟ ውስጥ ነበረች። ቀስቶቹ ቁመታቸው ከእሷ ቁመት ጋር ትክክል ነው፤ ነፋስ እንዳጋደመው ረጅም ሣር በአንድ አቅጣጫ ተኝተዋል። ጫማ አላደረገችም። መሬቱ ለብ ያለ ነው። በተኙበት አቅጣጫ ብትሄድ መንገዱ ዙሪያውን ይመልሳታል፤ ስለዚህ አገድማ ወደ መሃል ሄደች። ቀስቶቹ እየተነሱ፣ እየተነሱ፣ ከጉልበቷ፣ ከወገቧ፣ ከደረቷ ሲደርሱ መሃሉ ላይ ሁሉም ቆሞ ሰማዩን ያያል። ከላይ አንድ ነገር ተጫነ፤ ዝናብ ከመውረዱ በፊት አየሩ እንደሚከብደው። ቆሞ የነበረው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ደግሞ ከበደ። ደግሞ። ሩቅ ቦታ አንድ ነገር በመደዳ ይንኳኳል፤ ጠቅ፣ ጠቅ። የአክስቷ መኪና መሰላት። ከዚያ መሃሉ እንዳለ ተገለበጠና እሷም አብራ ወደቀች።

ዓይኗን ስትገልጥ ነጥቡ ሰማያዊ ነበር።

ብድግ ብላ በክፍሉ ውስጥ ሁለት ጊዜ ዞረች፤ አፏን በእጇ ይዛ። እውነት ነበር! ተመልሳ ተቀመጠች። እጆቿ ሳታስበው ተመልሰው ሁለቱ ቁልፎች ላይ እንዳረፉ ያስተዋለችው ያን ጊዜ ነው፤ ጣቶቿ በራሳቸው ልማድ ሲጫኑ የነበሩ ይመስል ሞቀዋል። ሲደክማት እንዲህ ታደርጋለች። ልጅ እያለች የአልጋ ልብሷን ጫፍ ታሽ እንደነበረው፣ መልስ ሲዘገይባት ትጫናለች፣ ትጫናለች።

ከሳጥኖቹ ጎን ያሉትን ትንንሽ ቁጥሮች አየች። የመጀመሪያው ሳጥን አንድ ይላል። ሁለተኛው ሁለት። ሦስተኛው ግን ስምንት ይላል። የሥዕሉ ሳጥን ዘጠኝ።

ከሦስት እስከ ስምንት ያሉት ስድስቱም ተራዎች የአንድ ሳጥን ነበሩ።

ሳጥኗን እሷው ናት የጻፈቻት፣ በመጀመሪያው ዓመት፣ ሥራ ለማቅለል ብላ። «መስኩን በእጥፍ አሳድግና ቀስቶቹን አሳርፍ» ነው የምትለው። መስኩ ከአሥር ይነሳል፤ አንዴ ስትጫኚው ሃያ ይሆናል። ሥዕሉ አናት ላይ ያለው «ሃያ» ደግሞ በእጇ የጻፈችው ነው፤ መስኩ ምንም ቢሆን ሃያ ብሎ ይወጣል።

አሁንም ግን ተስፋ አልቆረጠችም ነበር። ዛሬ ስድስቴ ተጫነች ማለት ያን ረቡዕም ተጭናለች ማለት አይደለም። ለዚህ የሚመሰክር ነገር እንዳለ ታውቃለች። መሣሪያው ቀስቶቹን ባሳረፈ ቁጥር፣ ሳይጠየቅ፣ አንድ ፎልደር ይከፍትና ምን ተብሎ እንደታዘዘ በቀኑና በሰዓቱ ይጽፍበታል። ያ የማታውቃቸው ሰዎች ልማድ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዱንም ከፍታ አታውቅም። ያለፈውን ረቡዕ ፈልጋ አገኘችው። ስድስት ፎልደር ነው፣ በአራት ደቂቃ ውስጥ። የመጀመሪያውን ከፈተች፤ ሃያ። ሁለተኛው፤ አርባ። ሰማንያ። አንድ መቶ ስድሳ። ሦስት መቶ ሃያ። የመጨረሻውን ለመክፈት ትንሽ ቆየች።

ስድስት መቶ አርባ።

በስድስት መቶ አርባማ የማንም እምብርት ይገለበጣል። መማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለ ነገር ነው።

ከግድግዳው ማዶ ፕሮፌሰሩ ያንጎራጉራሉ። የዓርቡን ሥዕል በስክሪናቸው ላይ አድርገው እያዩት እንደሆነ ታውቃለች፤ ጠዋት፣ «ሰማያዊው እንዴት ያምራል!» ብለዋታል። ዳኛዋ እስከ ዓርብ አትመለስም። ስድስቱ ፎልደሮች አንድ ላይ ተሰልፈዋል፤ በአንዲት ቁልፍ ይጠፋሉ። ጠቋሚውን በላያቸው አሳረፈች። አነሳች። ደግሞ አሳረፈች። ሰዎች ከምሳ ሲመለሱ ድምፃቸው በደረጃው ላይ ተሰማና ኮምፒውተሯን ዘግታ፣ «ራሴን አሞኛል» ብላ ወጣች።

መንገዱ ላይ ሁሉም ነገር ይዞር ነበር። መኪኖቹ በአደባባዩ ዙሪያ፣ ቅጠሎቹ በፍሳሽ ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ሁለት ሕፃናት እጅ ለእጅ ተያይዘው በፌርማታው ምሰሶ ዙሪያ። ከሰው ጋር ላለመገናኘት ብላ ረጅሙን መንገድ ሄደች።

ሐሙስ ጠዋት አክስቷ መስተዋት ፊት አቆመቻት። ለዓርብ የሚሆን ኮት እየሰፋችላት ነው፤ ጥቁር ሰማያዊ፣ ኮሌታው ጠበብ ያለ። አፏ መርፌ ሞልቶ በጥርሷ መሃል ነው የምታወራው።

«አትተንፍሺ። ነገ መድረክ ላይ ትተነፍሻለሽ።»

«አክስቴ፣ ነገ ንግግሩ ቢቀርስ?»

«ቢቀር ኮቱ ይቀራል? ቀጥ በይ።» ትከሻዋን በመዳፏ ዳሰሰችው። «እጅጌው በክሩ አቅጣጫ መሆን አለበት፣ አየሽ። አንዴ ለአንዲት መምህርት በተቃራኒው ቆርጬው ነበር። ጨርቁ አልቋል፣ ቀኑ ደርሷል፤ ዝም ብዬ ሰፋሁት።»

«ታወቀባት?»

«የት ይታወቅባታል! አምሮባት፣ አመስግናኝ፣ ሁለት ደንበኛ አመጣችልኝ።» አክስቷ መርፌዎቹን ከአፏ አወጣች። «እኔ ግን መንገድ ላይ ባየኋት ቁጥር ወደዚያኛው ጠርዝ እሻገራለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ተሻገርኩልሽ! መኪና ሊገጨኝ ሁሉ ነበር በዚያች ሴት ምክንያት። በመጨረሻ ሌላ ከተማ ተዛወረችና ተገላገልኩ።» ብላ ሳቀች፤ በራሷ ነገር በጣም የምትስቅ ሴት ናት። ከዚያ በመስተዋቱ ውስጥ የልጅቷን ፊት አየችና ሳቋን ሰበሰበች። «ምነው፣ ወጋሁሽ እንዴ?»

«አልወጋሽኝም።»

ዩኒቨርሲቲው ስትደርስ የምትለውን ወረቀት ላይ ጽፋ ነበር። አራት ዓረፍተ ነገር። የፕሮፌሰሩን በር ስታንኳኳ ግን ወረቀቱን ትታ ኮምፒውተሯን ነበር ያቀፈችው።

«ግቢ፣ ግቢ፣ የነገዋ ተናጋሪ!»

ልጅቷ ኮምፒውተሩን ጠረጴዛቸው ላይ፣ በጠመኔ በነጣው ወረቀት ሁሉ መሃል፣ አስቀምጣ ፎልደሮቹን አንድ በአንድ ከፈተች። እያንዳንዱን ቁጥር ጮክ ብላ አነበበች፤ ሃያ፣ አርባ፣ ሰማንያ። አንድ መቶ ስድሳ ላይ ስትደርስ ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ስድስት መቶ አርባ ላይ ስትደርስ ቁጭ አሉ።

«ሳጥኗን ስድስቴ ተጭኛታለሁ» አለች። «እንቅልፍ ይዞኝ ነበር። ሃያ የሚለውን በእጄ ነው የጻፍኩት። አልተገለበጠም፣ ፕሮፌሰር። ማለቴ፣ ተገልብጧል፤ ግን እንደማንኛውም ነው።»

መስኮቱ ላይ አንዲት ርግብ መጥታ ተመለከተቻቸውና ሄደች።

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እርስዎና እኔ።» ጥቂት አሰበች። «ፎልደሩም።»

ሳይፈልጉ ሳቃቸው መጣ፤ አጭር ነበር፣ መልሶም ጠፋ። «ፎልደሩም» አሉ። መነጽራቸውን በጣታቸው ያሽከረክሩታል። «ኮሚቴው የሚሰበሰበው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። እስከዚያ ሌላ ነገር አናገኝም። ያ ማለት ምን እንደሆነ ይገባሻል?»

«ይገባኛል።»

«ዝም ብለሽ ብትተኚበት ኖሮ እኔ አላይም ነበር። ሥዕሉን ወድጄው ነበር።» ሊቆጡ የፈለጉ ይመስላሉ፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን ራሳቸውም ያወቁ አይመስሉም። «ለአንድ ጊዜ እንለፈው ያልኩት እኔ ነኝ። ዳኛዋ ብትኖር ሰኞ ያበቃ ነበር።»

ልጅቷ ኮምፒውተሯን ዘጋች።

«ሂጂና ሻይ ጠጪ» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ፊትሽ ነጭ ሆኗል። ወይ የኔ ጠመኔ ነው።»

ፕሮፌሰሩ ያን ቀን ከሰዓት ለጉባኤው አዘጋጆች ጽፈው ንግግሩን ሰረዙት። ዓርብ ልጅቷ ከኋላ ረድፍ ተቀምጣ የሌሎችን ንግግር ሰማች። ከአሥር ቀን በኋላ ኮሚቴው የዶክትሬቱን ቦታ ለሌላ ተማሪ ሰጠ። እሷ ለአንድ ዓመት በረዳትነት እንድትቆይ ተፈቀደላት፤ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮም የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን የኮምፒውተር ትምህርት ማስተማር ጀመረች።